እንጨት ማቅለም፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ

እንጨት ስለማቅለም ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ብዙ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስቴይንና ዳይ አንድ አይደሉም እንዴ? ሱቅ ስጠይቅ ሁለቱንም «የእንጨት ቀለም» ብለው ነው የሚሰጡኝ።

አይደሉም። የስቴይን ቀለም በጣም የደቀቀ ዱቄት ነው። ከማያያዣ ጋር ተበጥብጦ በእንጨቱ ቀዳዳና ብርጭቆ ወረቀት በተወው ጭረት ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀዳዳው ሰፋ ያለ እንጨት ላይ መስመሩን ያጎላል፤ ደጋግመህ ከቀባኸው ግን እንጨቱን እየሸፈነው ይሄዳል። ዳይ በውሃ ወይም በአልኮል ጨርሶ የሚሟሟ ነው። እንጨቱ ውስጥ ስለሚሰርግ የቱንም ያህል ቢጠቁር መስመሩ ይታያል። ጉድለቱ ፀሐይ አለመቻሉ ነው፤ መስኮት አጠገብ ለሚቀመጥ ዕቃ አልመርጠውም። የያዝከው የትኛው እንደሆነ ካላወቅህ ጣሳውን ሳትነካው አሳድረውና በቀስታ ክፈተው። ሥሩ ዝቃጭ ከያዘ ዱቄት አለበት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የባሕር ዛፍ አልጋ አሠርቼ ዋንዛ እንዲመስል እፈልጋለሁ። ይቻላል?

ቀለሙን ማቀራረብ ይቻላል፤ የዋንዛን መስመር ግን በቀለም ማምጣት አይቻልም። ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ስለሆነ ስቴይን ብቻውን ላዩ ላይ ይቀራል። እኔ የምመክርሽ መጀመሪያ ቀጠን ያለ ወርቃማ ቡናማ ዳይ፣ ሲደርቅ ቀጭን ቫርኒሽ፣ ከዚያ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ስቴይን በስሱ ቀብቶ መጥረግ፣ በመጨረሻ ቫርኒሽ ነው። ሁሉንም ግን አስቀድመሽ ከዚያው ጣውላ በተረፈ ቁራጭ ላይ፣ በዚያው ብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ፣ እስከ ቫርኒሹ ድረስ ሞክሪው። ቫርኒሽ ሲያርፍበት ቀለሙ ይጠቁራል፤ ያለ ቫርኒሽ አይተሽ ከወሰንሽ ያሰብሽው አይወጣም።

እውነተኛ ዋንዛ ላላችሁ ደግሞ እባካችሁ አታቅልሙት። ዕድሜ ሲጨምር በራሱ እየጠቆረና እያማረ ይሄዳል። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው ዛፍ ነው። እጃችሁ የገባውን በስቴይን መሸፈን ያሳዝነኛል። በቀለም ማሳመር የሚገባን የተከልነውን ባሕር ዛፍ ነው።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነኝ። የፓይን ጠረጴዛ ስቴይን ቀባሁና ዥንጉርጉር ሆነብኝ። ምን ላድርግ?

ይህ የፓይን የታወቀ ችግር ነው፤ አንተ ብቻ አይደለህም። እንጨቱ አንዱ ጋ ቀለም በብዛት ይጠጣል፣ ሌላው ጋ ይገፋል። አሁን ያለው አማራጭ እስከ ንጹሁ እንጨት ድረስ መፋቅ ነው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 100፣ 120፣ 150 እያልክ የእንጨቱን መስመር ተከትለህ እሸው። ጨርሰህ አቧራውን ከጠረግህ በኋላ በቲነር ያረጠብከውን ጨርቅ አሳልፍና መብራት ከጎን አብራበት። መስመሩን አቋርጦ የቀረ ጭረትም ሆነ ኮላ ያረፈበት ቦታ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ኮላው ስቴይን ስለማያስገባ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ቀድመህ አስለቅቀው።

ቀጥሎ ሰም የወጣለት ሸላክ (እንጨት የሚቀባ ሙጫ) በሊትር አልኮል 60 ግራም ገደማ አሟሙተህ አንድ ጊዜ በስሱ ቀባ። ሲደርቅ በ220 ዳበስ ዳበስ አድርገው። እንጨቱ በየቦታው የሚጠጣውን መጠን ያቀራርብልሃል። ከዚያ ወፈር ያለውን ጄል ስቴይን ተጠቀም፤ ስለማይፈስ ጠልቆ አይገባም። ጥቂት ደቂቃ አቆይተህ ትርፉን ሙልጭ አድርገህ ጥረግ። ሳይጠረግ የቀረ ስቴይን ሳይደርቅ እየተጣበቀ ይቆይና ቫርኒሹንም ይልጠዋል። የጣውላው ጫፍ የተቆረጠበት ፊት ከሌላው ይበልጥ ስለሚጠጣ እሱን እስከ 220 አለስልሰው።

ጥያቄ፦ ቡና አፍልቶ መቀባት ይሠራል ይባላል። እውነት ነው?

ይሠራል፣ ግን ደካማ ነው። ወፍራም ቡና ደጋግመህ ብትቀባ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይሰጥሃል፤ ብርሃን ላይ ግን አይቆይም። ጥቁር ከፈለግህ የተሻለ ዘዴ አለ። ዝንክ ያልተለበጠ ምስማር አቼቶ ውስጥ ለሳምንት ያህል አቆይ፤ ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑን አታጥብቀው። እንጨቱን በወፍራም ጥቁር ሻይ ቀብተህ አድርቅ፣ ከዚያ የተጣራውን አቼቶ በብሩሽ አሳልፍበት። ሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ እንጨቱ ዓይንህ እያየ ወደ ግራጫ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ይህ ቀለም እንጨቱ ውስጥ የተፈጠረ ስለሆነ ከቡናው በጣም ይበረታል።

ጥያቄ፦ ረከቦቴ ላይ ሙቅ ውሃ ሲፈስ ጨርቄ ቡናማ ይሆናል። ለምን?

በውሃ የሚሟሟ ዳይ ተቀብቶ ላዩ በደንብ አልታሸገም ማለት ነው፣ እህቴ። አድርቀሽ፣ በ220 ቀለል አድርገሽ አሽተሽ፣ በዘይት የተሠራ ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀቢው፤ በእያንዳንዱ መሃል ይድረቅ። ለረከቦት ሸላክ አይሆንም፣ ሙቀት ሲነካው ነጭ ያወጣል።

ጥያቄ፦ ቫርኒሽ ያለው በር ላይ በላዩ ስቴይን ልቀባ? ኤምዲኤፍ ላይስ?

በሩ ካልተፋቀ ስቴይን እንጨቱ ውስጥ የሚገባበት የለውም፤ ለባሕር ዛፉ አልጋ ያልኩት በሁለት ቫርኒሽ መሃል የሚቀር ስስ ቀለም ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ስለሆነ መስመር የለውም፤ ስቴይን ሳይሆን የሚሸፍን ቀለም ቀቡት።

ጥያቄ፦ በጣም ጠቆረብኝ፣ መመለስ ይቻላል?

በዘይት የተሠራ ስቴይን ከሆነና ካልደረቀ ወዲያው በአኳራጃ ጥረገው። ዳይ ከሆነ በረኪና ብዙውን ጊዜ ያነጣዋል፤ ከዚያ በውሃ በደንብ አጽዳው። የስቴይንን ዱቄት ግን በረኪና አይነካውም። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አታገናኝ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ የተጠቀምንባቸውን ጨርቆች ምን እናድርጋቸው?

ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴ የጨመርኩት ቤት ስለሚያቃጥል ነው። የተልባ ዘይትም ሆነ በዘይት የተሠራ ስቴይን የነካው ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል። ተጠቅልሎ ወይም ሰጋቱራ ላይ ተጥሎ ካደረ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ውጭ፣ ነጠላ ነጠላውን ገመድ ላይ ዘርጉትና እንደ ካርቶን እስኪደርቅ ጠብቁ። ገመድ ከሌላችሁ ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩትና ክደኑት።