ደንንና የገጠር ነዋሪን ለሚያጠኑ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ጭልጋ፣ ወደ ላይ አርማጭሆ ወይም ወደ መተማ ለጥናት ስትወጡ፣ መጠይቁን ከማውጣታችሁ በፊት ደኑን ከነዋሪዎቹ ጋር በእግራችሁ እንድትዞሩት አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ከተደረገ ወዲህ፣ እንግዳ ሰው ወረቀት ይዞ ስለ መሬትና ስለ ዛፍ ሲጠይቅ ገበሬው ግብርን፣ ሽግሽግንና ቅጣትን ቢያስብ አይፈረድበትም። «ከደኑ እንጨት ትቆርጣላችሁ?» ስትሉት «ክልክል ነው» ይላችኋል። መልሱ ደንቡን በትክክል ይነግራችኋል፤ ደንቡ እንዴት እንደሚሠራበት ግን አይነግራችሁም።

ይህን የሚያሳያችሁ ጉቶው ነው። 20 በ20 ሜትር የሆነ መደብ ከልላችሁ የዛፎቹን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ስትለኩ፣ ጉቶዎቹንም ቁጠሩ፤ ወይራ ይሁን ብሳና፣ ትኩስ ይሁን የከረመ ለዩ። ትልልቅ ዛፎች ቆመው ከሥራቸው ቡቃያ ከሌለ፣ ከመጥረቢያው ይልቅ የከብቱን ግጦሽ ጠርጥሩ። ከዚያም እዚያው ጉቶው አጠገብ ቆማችሁ ለምን እንደተቆረጠ ብትጠይቁ፣ ስለ ሞፈርና ቀንበር፣ ስለ ቤት ምሰሶ፣ የወተት ዕቃ ስለሚታጠንበት ወይራ በዝርዝር ትሰማላችሁ።

አባወራውን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ማገዶ የሚለቅሙት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸውና፣ ሴቶቹን ለብቻቸው፣ እረኞቹንም በግጦሹ ቦታ አነጋግሩ፤ መሬት የሌለው ወጣት ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነገር ሊነግራችሁ ይችላል። በመተማ ዕጣን የሚለቀመው በበጋ ሲሆን፣ ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ሠራተኞችም ይሳተፉበታል፤ እነዚህ በቀበሌው የአባወራ መዝገብ አይገኙም፣ በክረምት የሄደ አጥኚም አያያቸውም። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ አስቀድማችሁ ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ሕዝብ የጋራ ሀብቱን ራሱ ባወጣው ደንብ ሊጠብቅ እንደሚችል ያሳየችው የዛፉን ልኬትና የሰዉን ስምምነት ጎን ለጎን በማጥናት ጭምር ነው። እናንተም ቃሉንና ጉቶውን አስተያዩ፤ የማይገጥሙበትን ቦታ ስታገኙ፣ በቁጥር ብዛት ልትሸፍኑት ሳይሆን ተመልሳችሁ ልትጠይቁበት ይገባል።

አንድ ነገር ግን እጅግ ያሳስበኛል። ማን እንደቆረጠ የሚያሳውቅ ስም፣ የቤት ቦታም ሆነ ፎቶግራፍ በማስታወሻችሁ ውስጥ አይኑር፤ ያመነቻችሁ ሴት በእናንተ ጽሑፍ ምክንያት ልትቀጣ አይገባም። ውጤቱንም ለመምህራኖቻችሁ ከማቅረባችሁ በፊት ለመንደሩ ሰዎች በቃል አስረዱ፣ ያረሟችሁንም በጽሑፋችሁ አስገቡት።