ስሙን ከመጥራታችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ባዮሎጂ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በማስተማር ነው። ፎርማሊን በሚባለው እንዳይበሰብስ በሚያቆይ ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ ሻርክ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ጥርሱን ነው። ወዲያው ስሙን ይጠይቃል። ይህን ልማድ ብትተዉልኝ ደስ ይለኛል። ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

በቀለም አትጀምሩ፤ ፎርማሊን ያደበዝዘዋል። በግዝፈትም አትጀምሩ። በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገዳችን ጅቡቲ ያደርሳል። እዚያ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ዌል ሻርክ ከዓለም ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። ምግቡ ግን በብዛት ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ግዝፈቱን ብቻ ያየ ሰው ከነጩ ሻርክ ጋር ሊመድበው ይችላል። አፉ ከዓይኖቹ ፊት፣ ጭንቅላቱ ጫፍ ላይ መሆኑን ያስተዋለ ግን ትክክለኛውን ምድብ ያገኛል።

ስንጥቦቹን፣ ማለትም የሚተነፍስባቸውን የጎን ቀዳዳዎች፣ ቁጠሩ። ከሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ ስንጥቡ በአጥንት ክዳን የተሸፈነ ነው። ሻርክ ክዳን የለውም፤ ቀዳዳዎቹ በጎኑ ላይ በግልጽ ይታያሉ። አብዛኛው በየጎኑ 5 አለው። 6 ወይም 7 ሆነው የጀርባ ክንፉ አንድ ብቻ ከሆነ ምርጫው በጣም ይጠባል። ቀዳዳዎቹ በሆዱ በኩል ከሆኑ ደግሞ የያዛችሁት ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ የሻርክ ዘመድ እንጂ ሻርክ አይደለም።

አሁን አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር፦ የሌለውንም ጻፉ። ጀማሪ ያየውን ብቻ ይመዘግባል። ሻርክን ስትለዩ ግን የጎደለው ነገር ካለው እኩል ይናገራል። ናሙናውን ገልብጡት። ከፊንጢጣው ኋላ፣ ከጅራቱ በፊት ክንፍ አለ? ሁለት የጀርባ ክንፍ ኖሮት፣ ከፊታቸው እሾህ ቆሞ፣ ይህ የታችኛው ክንፍ ከሌለ ስኳሊፎርም ከሚባለው የሻርክ ምድብ ነው። እሾሁም የታችኛው ክንፍም ካለ ሄትሮዶንቲፎርም ከሚባለው ምድብ ነው። ልዩነቱን ያመጣችው ያቺ አንዲት ትንሽ ክንፍ ናት። ማስታወሻችሁ ላይ ቦታውን ባዶ ከተዋችሁት፣ በኋላ የሚያነበው ሰው «የለም» ይሁን «አልታየም» በምን ያውቃል? ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አሮጌ ናሙና ላይ ክንፍ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። በአጉሊ መነጽር ጠባሳ ፈልጉ።

እሾህ ከሌለው፣ 5 ስንጥብና የታችኛው ክንፍ ካለው ወደ ዓይኑ ሂዱ። ጫፉ ደብዛዛ በሆነ ወረንጦ የታችኛውን ቆብ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉ። ሦስተኛ የዓይን ሽፋን ካገኛችሁ ካርካሪኒፎርም ከሚባለው ምድብ ሳይሆን አይቀርም። ላምኒፎርም የሚባለው ሌላ ምድብ ሻርኮች ይህ ሽፋን የላቸውም። ጥርሱን አሁን እዩት፤ ዝርያውን ለመለየት ብዙ ይረዳችኋል።

ጾታውን መለየት ቀላል ነው። ወንዱ ከሆድ ክንፎቹ ውስጠኛ ጠርዝ የሚወጡ ሁለት ዘንጎች አሉት።

የምታዩትን በእርሳስ ሣሉት። ስልክ ፎቶ ያነሳል፣ እውነት ነው፤ ግን እጃችሁ የማይሥለውን ዓይናችሁ ገና አላየውም ማለት ነው።

ምድቡን አውቃችሁ ዝርያው ካልለየላችሁ ምድቡን ብቻ ጻፉ። በግምት የተጻፈ ስም ማሰሮው ላይ ተለጥፎ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያሳስታል። ናሙናው የት ባሕር፣ መቼ እንደተያዘ የሚገልጸውን ወረቀት ደግሞ በእርሳስ ጽፋችሁ ማሰሮው ውስጥ አስገቡት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ፈሳሹ ውስጥ ሊለቅ ይችላል።