መልስ፦ ዲትሮይትን ያከሰራት ከንቲባው ነው?

ወንድሜ፣ «የአሜሪካዋ ከተማ ዲትሮይት የከሰረችው የቀድሞ ከንቲባዋ ክዋሜ ኪልፓትሪክ በበላው ገንዘብ ነው ወይ?» ላልከው፣ በሱ ብቻ አይደለም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መብላቱንማ በልቷል። የውሃ መሥሪያ ቤቱን ሥራ የፈለገ ተቋራጭ ለከንቲባው ወዳጅ ለተቋራጩ ቦቢ ፈርጉሰን ድርሻ መስጠት ነበረበት። እምቢ ካለ ሥራው ይጓተትበታል ወይም ይቀርበታል። የሚገርመው፣ መጀመሪያ የጣለው ጉቦው ሳይሆን የጽሑፍ መልእክት ነው። ያለአግባብ ከሥራ ተገፋን ያሉ ፖሊሶች በከሰሱ ጊዜ፣ ከጽሕፈት ቤት ኃላፊው ጋር የነበረውን ፍቅር ፍርድ ቤት ምሎ ካደ። ከተማዋ የፖሊሶቹን ክስ ለመዝጋት 8.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። በ2008 መልእክቶቹ ጋዜጣ ላይ ወጡና ጉድ ፈላ፤ ሥልጣኑን ለቀቀ። በ2013 ደግሞ በሙስናው የ28 ዓመት እስር ተፈረደበት፤ በ2021 ትራምፕ ቅጣቱን አሳጠሩለት።

ኪሳራው ግን የቆየ ነው። በ1950 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ከተማ በ2010 714 ሺህ ገደማ ቀራት። ግብር ከፋዩ ሄደ፤ የከተማዋ ሠራተኞች የጡረታ ዕዳ ቀረ። በ2013 ስትከስር ዕዳዋ 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። እኔ ኪልፓትሪክን ከጉቦው ይልቅ የምወቅሰው የጡረታውን ጉድጓድ ለመድፈን በ2005 ባስገባት የ1.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ነው። ብድሩን ደግሞ የከተማው ምክር ቤትም አጽድቆት ነበር።