የወታደር ስንቅና ጉልበት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ጦር ሜዳ ምግብ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ። አብዛኛው ማስረጃዬ ከአሜሪካ ጦር ነው፤ የወታደሩን ሆድና ሚዛን እንደ እርሱ የተከታተለ ጦር አላውቅም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ኤምአርኢ የሚባለው የታሸገ ምግብ ለአንድ ወታደር ይበቃዋል?

መልስ፦ አንዱ እሽግ 1,250 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፤ በቀን ሦስት ይታደላል። በወረቀት ላይ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ይከሳሉ?

መልስ፦ ስለማይጨርሱት ነው። በ1980ዎቹ በሃዋይ ልምምድ ላይ የነበሩ ወታደሮች ለ34 ቀናት ይህንኑ ብቻ ሲመገቡ፣ በቀን ከቀረበላቸው 3,600 ኪሎ ካሎሪ 2,200 ያህሉን ብቻ በሉ፤ ከሱም። ያንኑ ምግብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተረጋግተው፣ ገበታ ላይ ተቀምጠው ለ45 ቀናት ሲመገቡት ከ3,100 በላይ በሉ፤ ክብደታቸውም ብዙ አልተነካም። ስለዚህ ጣዕሙን ብቻ የሚወቅሱትን አልቀበልም። ሜዳ ላይ ጊዜ የለም፣ ውኃ ይቆጠራል፣ ሙቀትና ድካም የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ። በዚያ ላይ ወታደሩ ሸክም ለማቅለል እሽጉን ከፍቶ ያልወደደውን ጥሎ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ጥቂት መክሳት ጉልበት ይጎዳል?

መልስ፦ ለጥቂት ቀናት ከሆነ ብዙም አይጎዳም። ከሰውነት ክብደት አሥር በመቶ አካባቢ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1991 በሬንጀር ትምህርት ቤት፣ ማለትም በአሜሪካ ጦር እጅግ ከባድ የሥልጠና ትምህርት ቤት፣ የተጠኑ ሠልጣኞች በስምንት ሳምንት ውስጥ የሰውነታቸውን ክብደት 16 በመቶ ገደማ አጡ፤ በእንቅልፍ እጦትም ጭምር ተፈትነው ነበር። ስብ ሲያልቅ ጡንቻ ተበላ፣ ሸክም የማንሳት አቅማቸው አንድ አምስተኛ ያህል ወረደ፣ ቴስቶስተሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን አሽቆለቆለ፣ የሰውነት መከላከያም ተዳከመ። በቀጣዩ ዓመት ለሌሎች ሠልጣኞች በቀን 400 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲጨመር ኪሳራው ወደ 13 በመቶ ዝቅ አለ። ያ ጭማሪ ከአንድ እሽግ ሲሶ አይበልጥም!

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ እዚህ ሜሪላንድ ተመልምሎ ሥልጠና ላይ ነው። የፕሮቲን ዱቄት ልላክለት?

መልስ፦ እህቴ፣ ካሎሪ ከጎደለ ሰውነት ፕሮቲኑንም አንድዶ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ የሚሰጠውን ይጨርስ። ከውጭ ምግብ መቀበል ከተፈቀደለት ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ ላኪለት።

ጥያቄ፦ ኤምአርኢ ሆድ ያደርቃል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ውኃ ያነሰው ሰው ይደርቅበታል። በእሽጉ ውስጥ ያለው ማስቲካ ሆድ ያለሰልሳል የሚለው ወሬ ግን ተረት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ጦሩ ራሱ ይህን ምግብ ብቻ ከ21 ቀናት በላይ መመገብን አይመክርም።

ጥያቄ፦ የአባቶቻችን በሶ ከዚህ ያንሳል?

መልስ፦ በሶ ቀላል ነው፣ እሳት አይፈልግም፣ ጉልበት ይሰጣል። ቅቤ ሲገባበት ደግሞ የቅቤው ስብ በያንዳንዱ ግራም ዘጠኝ ኪሎ ካሎሪ ይጨምራል፤ የገብሱ ስታርች የሚሰጠው አራት ነው። ቫይታሚን ሲ ግን የለውም፤ ለወራት እርሱን ብቻ መብላት አያዋጣም። ገብሱን ግን አትናቁት። በ1904 እና 1905 የሩሲያ ጦርነት ጊዜ የጃፓን ምድር ጦር በተፈተገ ነጭ ሩዝ ላይ ተመሥርቶ በቫይታሚን ቢ1 እጦት በሚመጣው ቤሪቤሪ ከ200,000 በላይ ሰው ታመመበት። ባሕር ኃይሉ አስቀድሞ በሩዙ ላይ ገብስ ስለቀላቀለ ከዚያ መቅሠፍት በአብዛኛው አመለጠ።