ለጣና የሚሆን የቤተሰብ ጀልባ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን «ጀልባ ልገዛ ነው፣ ምከረኝ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ስለዚህ የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ አንድ ላይ ልመልስ። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ጣና ላይ ጀልባ ነድቻለሁ፣ ጠግኛለሁም። ጀልባ ስትመርጡ የጠዋቱን ጸጥ ያለ ውሃ አትዩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ቤት የሚመልሳችሁን ምረጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አምስት ነን፤ ሦስቱ ልጆች ናቸው። ስንት ሜትር ይበቃናል?

መልስ፦ እኔ ብሆን ከ5 ሜትር ተኩል በታች አልወርድም፤ ወርዱም ወደ 2 ሜትር ይጠጋ። ግን ከርዝመቱ በፊት የጎኑን ቁመት እይ። ሁላችሁም ተሳፈሩ፣ ዕቃውንም ጫኑ፣ ከዚያ ከውሃው እስከ ጠርዙ በክንድህ ለካ። አንድ ክንድ ካልሞላ ዳር ዳሩን ሂድበት እንጂ ወደ መሃል አትግባ።

ጥያቄ፦ ጣና እኮ ጥልቀት የለውም ይባላል። ይህን ያህል ያስፈራል እንዴ?

መልስ፦ ያስፈራል። ችግሩም ጥልቅ አለመሆኑ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ያለ ከልካይ ረጅም መንገድ ይመጣል። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ይደጋገማልም። ጀልባው ከአንዱ ሳይወጣ ሌላው ይደርስበታል። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ እዚህ ላይ ይደበደባል። ፊቱ ከፍ ብሎ የሾለ፣ ወደ ኋላ እየሰፋ የሚሄድ ይሻላል። ሞገድ ሲመጣ ፍጥነት ቀንስ፣ ፊትህን ትንሽ አግድም አድርገህ ስጠው፤ ጎንህን ግን አትስጠው። ልጆቹን መሃል፣ ወለሉ ላይ አስቀምጣቸው።

ጥያቄ፦ አባቶቻችን በታንኳ ተሻግረው የለ? እሱስ?

መልስ፦ ታንኳን አከብራለሁ። የሚታሰርበት ደንገል ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ውሃ ቢገባበትም ቶሎ አይሰምጥም። ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። ልጆች ጭኖ መሃል ለመግባት አልመክረውም። ከእሱ የምንማረው ግን አለ። ብረትም ፋይበርግላስም በራሱ ይሰምጣል። የሚያንሳፍፈው ከወንበሩና ከወለሉ ሥር የታሸገው ፎም ነው። ሻጩ «ይሄ አይሰምጥም» ካለህ «አሳየኝ» በለው። ሞተሩን አውርዳችሁ፣ ውሃው ደረት በሚደርስበት ቦታ ጀልባውን በውሃ ሙሉት። ጠርዙ ከውሃው በላይ ከቀረ ጥሩ ነው። ወለሉ መሬት ከነካ አትግዛው።

ጥያቄ፦ አሉሚኒየም ወይስ ፋይበር?

መልስ፦ አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ድንጋይም ይችላል፤ ግን ሲቀደድ ሁሉም በያጅ አይነካውም። ፋይበር እዚሁ በእጅ ይጠገናል። አሮጌ ከሆነ በጣትህ መገጣጠሚያ እየመታህ አዳምጠው። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ውስጡ የላላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይበቃል?

መልስ፦ ለዚህ መጠን ይበቃል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ይህን አስበህ ግዛ፣ ግን ጀልባው ከሚችለው በላይ አትስቀልበት። እኔን የሚያሳስበኝ ሞተሩ ሲቆም ነው። አንዴ ከዘጌ ስንመለስ አሮጌ መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠመጠመ። ጀልባው ዞረና ጎኑን ለሞገዱ ሰጠ። ልጄ ይዛው የነበረው ሙዝ እግራችን ሥር ሲንሳፈፍ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ባለቤቴ በጆግ ውሃውን ታወጣለች፣ እኔ እቀዝፋለሁ። ሁለት መቅዘፊያ ባይኖረን ምን ይውጠን ነበር? ዛሬ እምቦጩም አለ፣ እሱም ይጠመጠማል። መቅዘፊያ፣ ባልዲና ቢላ ሳትይዙ አትነሱ።

ጥያቄ፦ እኛ ያለነው ሚኒሶታ ነው፤ 17 ጫማ ጀልባ ገዝተን ሱፒሪየር ሐይቅ ልንወጣ ነው። ልጆቼ ዋና ይችላሉ። ላይፍ ጃኬቱን የግድ ይልበሱ?

መልስ፦ እህቴ፣ የግድ! አንቺም ልበሺ። ያ ውሃ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። ድንገት የገባበት ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጥቂት ቆይቶ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ያኔ ዋና መቻል ብቻውን አያድንም። ጃኬቱን በልጁ ክብደት ግዢ። አልብሺውና ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው፤ አገጩን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል። አሜሪካ ከ20 ጫማ በታች ባሉ የሞተር ጀልባዎች ላይ የሰው ብዛትና የክብደት ልክ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ይለጠፋል። እሱን አንብቢ፣ ለሞገድ ቀን ደግሞ ከዚያም ቀንሺ። ነጂው ሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነቱ ላይ ይሰር።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ በስንት ሰዓት እንውጣ?

መልስ፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ውጡ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ራቅ ብላችሁ እለፉ። ክረምት ላይ ደመናው ከጠቆረ ግን ያን ቀን ቤት ዋሉ።