ስለ ጃዝ ኮርድ ለጠየቅኸው ወንድሜ፦ ሁለተኛውን ክር ብቻ አንቀሳቅስ

ወንድሜ፣ ሐዋሳ እንደምትኖር፣ ሜጀርና ማይነር ኮርዶችን ከነሰቨናቸው እንደምትችል ገልጸህ፣ 9፣ 13፣ ሻርፕ 9 የሚባሉትን የጃዝ ኮርዶች (ከመነሻው ኖታ ተቆጥሮ ዘጠነኛው ወይም አሥራ ሦስተኛው ኖታ የሚጨመርባቸውን፤ ሻርፕ ማለት በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ፣ ፍላት ዝቅ ያለ ነው) በጊታር ለመማር ማሰልጠኛ ልግባ ወይስ በኮርድ መጽሐፍ ልቀጥል ብለሃል። እኔም የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አሁን ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ከባንድ ጋር እጫወታለሁ። ሁለቱንም መንገድ ስለማውቃቸው ገንዘብህ ከኪስህ ሳይወጣ ይህን አንብብ።

1. የወራት ክፍያ በቅድሚያ አትክፈል። እኔ የገባሁበት ማሰልጠኛ የሦስት ወሩን በአንድ ጊዜ ተቀብሎ፣ ጥቁር ነጥቦች የተደረደሩበት ፎቶ ኮፒ ሰጠኝና «ሸምድድ» አለኝ። ፍላት 9 ለምን እዚህ ቦታ ገባ ብዬ ስጠይቅ መምህሩ «እሱ የሚቀጥለው ደረጃ ነው፣ ክፍያውም ሌላ ነው» አለ። ቀሪው ገንዘቤ ይመለስልኝ ብዬ ምዝገባ ክፍል ስሄድ፣ ሠራተኛዋ ከስልኳ ቀና እንኳን ሳትል «ደረሰኙ ላይ አይመለስም ይላል፤ ማንበብ አትችልም?» አለችኝ። ሰው ለመማር ከፍሎ ስለጠየቀ እንዲህ ይባላል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

2. ቅርጽ አትሸምድድ፤ ኖታዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ እወቅ። ጊታርህን አንሣ፤ ክሮቹ ከቀጭኑ ጀምረው ይቆጠራሉ፣ ፍሬት ደግሞ አንገቱ ላይ ባሉት ብረቶች መካከል ያለው ቦታ ነው። የመሃል ጣትህን አምስተኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ፣ ሌባ ጣትህን አራተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ፣ የቀለበት ጣትህን ሦስተኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ አድርግ። ሲ፣ ኢ እና ቢ ፍላት ናቸው። ሲ 7 በእነዚህ ሦስቱ አለቀ፤ አራተኛዋ ኖታ ጂ ብትቀር ማንም አይናፍቃትም። አሁን ሁለተኛውን ክር ጨምር። 3ኛ ፍሬት ላይ ሲ 9 ነው፣ 2ኛው ላይ ፍላት 9፣ 4ኛው ላይ ሻርፕ 9። መጽሐፉ በተለያየ ሥዕል ያስጨነቀህ ይኸው ነው! የሻርፕ 9ኙን ቅርጽ እንዳለ አራት ፍሬት ወደ ላይ ብትወስደው፣ ሰዎች በሮክ ጊታሪስቱ ስም የጂሚ ሄንድሪክስ ኮርድ የሚሉትን ኢ 7 ሻርፕ 9 ታገኛለህ።

3. ሦስተኛው ምክሬ ሰው ፈልግ የሚል ነው። ይህን ሁሉ ያሳየኝ ማሰልጠኛው ሳይሆን ኳየር የሚያጅብ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። በዚህ ከተማ እነዚህን ኮርዶች በየሳምንቱ የሚጫወቱ ሰዎች ማግኘት ከፈለግህ የመዝሙር አጃቢዎችን ጠይቅ። ያ ልጅ አንድ ሳንቲም አልተቀበለኝም። «ከሻርፕ 9 ተነሥተህ በፍላት 9 አልፈህ ኤፍ ላይ ረፍ» አለኝና ደጋግሞ አስመታኝ። ሁለተኛው ክር ላይ 4፣ 2፣ 1 እያልክ ስትወርድ ራሷን የቻለች ዜማ ትሰማለህ። መጨረሻ ላይ ከውስጥ ደግሞ አራተኛው ክር ከ2ኛ ወደ 3ኛ ፍሬት ይወጣል፣ ሦስተኛው ክር ከ3ኛ ወደ 2ኛ ይወርዳል። አንደኛውን ክር ክፍት ትተህ ስትመታ ኤፍ ሜጀር 7 ይመጣል። ኢ ወደ ኤፍ፣ ቢ ፍላት ወደ ኤ ሲሄዱ በጆሮዬ የሰማሁ ዕለት ፎቶ ኮፒውን ቀድጄ ጣልኩት።

የእነዚህ ኮርዶች ድምፅ ይጎረብጠኛል እንዳትል። የአንቺሆዬን ቅኝት ከሲ ብትጀምረው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ዲ ፍላቷ የሲ ፍላት 9 ናት፣ ጂ ፍላቷ ፍላት 5። ጆሮህ ከልጅነትህ ጀምሮ ያውቃቸዋል ማለት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በሚገኘው የበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች ጋር ሲያዋህድ የሠራው ሥራ ያኮራኛል፤ እሱን ደጋግመህ ስማ።

13ን በተመለከተ ከስድስተኛው ክር ተነሣ። ስድስተኛው 8፣ አራተኛው 8፣ ሦስተኛው 9፣ ሁለተኛው 10፤ ሲ 13 ነው። የሁለተኛውን ክር ጣት ወደ 9 ብትመልሰው ፍላት 13 ሆነ። አምስተኛውን ክር በጣትህ ጫፍ ነክተህ ዝም አሰኘው።

ባንድ ውስጥ ስትገባ ቤዝ ተጫዋች ካለ መነሻዋን ሲ ኖታ ለእሱ ተውለት። ከአሜሪካው የካውንት ቤዚ የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1987 የተጫወተው ጊታሪስት ፍሬዲ ግሪን በጥቂት ክሮች ብቻ ያንን ሁሉ የነፋስ መሣሪያ ተሸክሟል። ድምፃዊው ዲ ኖታን በረጅሙ እየያዘ አንተ ፍላት 9 ብትመታ ጥፋቱ የአንተ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ሲ 9 ይበቃል። ኪቦርዱ 9 እየያዘ አንተ ሻርፕ 9 ከመታህም ይፋጃል፣ ስለዚህ ልምምድ ላይ ማን ምን እንደሚይዝ ተነጋገሩ። እኛ ባንድ ውስጥ ኮርዱን የሚያስጌጠው ኪቦርዱ ነው፤ እሱ እጁን ሲያነሣ እኔ እገባለሁ።