ዶክትሬቱን ጨርሶ ደግሞ ምን ይማራል?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ዶክትሬቱን ጨርሶ «ፖስትዶክ» ብሎ ስዊድን ሄደ። ለሞባይል ኔትወርክ ኃይል ቆጣቢ ዲጂታል ማሰራጫ እሠራለሁ ይላል። አሁንም ተማሪ ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?
ኤልሳቤጥ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ተማሪስ አይደለም። ተመራማሪ ነው፤ ውሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። እኔም ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

ማሰራጫ ውስጥ ሲግናሉን የሚያጎላ ክፍል አለ። ኤሌክትሪኩን የሚበላው በዋናነት እሱ ነው። የ4ጂ እና የ5ጂ ሲግናል አንዳንዴ ሽቅብ ይዘላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝቅ ብሎ ይቆያል። ማጉያው ግን የሚዘጋጀው ለዝላዩ እንዲበቃ ሆኖ ነው። ትልቅ አውቶቡስ ለሁለት ተሳፋሪ እንደማንቀሳቀስ በሉት፤ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አሜሪካዊው ዊሊያም ዶኸርቲ በ1936 እ.ኤ.አ. መላ ዘየደ፦ ሁለት ማጉያ፣ አንዱ ዝላዩ ሲመጣ ብቻ የሚያግዝ። ዛሬም የቴሌኮም ማማዎች ላይ ይሠራል።

የወንድምዎ መንገድ ሌላ ነው። ማጉያውን ወደ ብዙ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይከፋፍሉታል። በሚፈለገው ልክ ብቻ ይበራሉ። ሙሉ በሙሉ የበራ ወይም የጠፋ ማብሪያ ብዙም አይሞቅም። ጣጣው፣ ሲግናሉ እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ ይወጣና አጠገቡ ያለውን ቻናል፣ ማለትም ሌላ ሲግናል የሚተላለፍበትን የሞገድ መስመር፣ ይረብሻል። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነበር። ይባስ ብሎ ወራት የጠበቅነውን ቺፕ፣ ቮልቴጅ አሳስቼ በአንድ ከሰዓት አቃጠልኩት!

ማታ ስልክ ካላነሳ አይቀየሙት። እኛ ጋ የመለኪያ መሣሪያው ተራ የሚደርሰን ያኔ ነበር።